በሞቃት ክፍልዎ ስለሚወርደው የባለቤቴ ደም ግፊት

ይድረስ ለክቡር ዶክተር ማካቤ፣ የከተማችን ጤና ጣቢያ ኃላፊ

በረዶው ጣሪያችንን በተጫነበት በዚህ ወቅት የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤንነትዎ እንደ ምርመራ ክፍልዎ ሙቀት የተሟላ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ የፖም ገበሬው የሾዞ ኩዶ ባለቤት ኪኑዬ ነኝ። በጋዜጣ የምጽፍልዎ በአካል ስመጣ ለመስማት ጊዜ ስለሚያጥርዎ ነው፤ በዚህ አልቀየምዎትም።

አንደኛ፣ ስለ ማሞቂያዎ ላመሰግንዎ እወዳለሁ። ባለቤቴ እናንተ ዘንድ ሲመጣ ማሞቂያው አጠገብ ተደላድሎ ይቀመጣል፣ ከልጅነት ጓደኞቹ ጋር ሲሳሳቅ ይቆያል፣ ተራው ሲደርስም ክንዱን ይዘረጋልዎታል። እንዲህ የተመቸው ሰው ደም ግፊቱ ለምን ከፍ ይላል? «አባት፣ ይሄ'ኮ የጎረምሳ ደም ነው! ሌላ ሚስት አሰቡ እንዴ?» ያሉት ቀልድ ሰፈሩን ሲዞር ከረመ። እኔም ስቄያለሁ፤ ትንሽ።

ሁለተኛ፣ ማለዳ ምድጃው ሳይለኮስ፣ ትንፋሽ በሚታይበት ብርድ፣ ልጃችን በገዛችልን የግፊት መለኪያ ስለካው ከመቶ ሰባ በላይ እንደሚል ነግሬዎት ነበር። «እማማ፣ የገበያ ዕቃ አይመኑ፤ ባትሪው ደክሞ ነው» አሉኝ። ታዝዤ ባትሪውን ቀየርኩ፤ አዲሱም ያንኑ ቁጥር ደገመው። መለኪያዬን ተሸክሜ ከሾዞ ጋር መጥቼ ከእርስዎው ጋር ቢያስተያዩልኝ ብዬ ለመንኩ፤ በሞቃቱ ክፍልዎ ሁለቱም ዝቅተኛ የሆነ አንድ ዓይነት ቁጥር አወጡ። ደካማ የሴት አእምሮዬ መለኪያው ደህና ነው፣ የሚለያየው ቤቱ ነው ብሎ ሲያስብ፣ እርስዎ ግን «አዩ፣ አላልኩም? ባትሪው ነበር» ብለው በፈገግታ ሸኙን። ለዚህ ትዕግሥትዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ሦስተኛው ቅሬታ አይደለም፣ ወሬ ነው። ባለፈው ወር ከእራት በፊት ሾዞ እንደ በረዶ በቀዘቀዘው የልብስ ማውለቂያ ክፍላችን ልብሱን አውልቆ፣ የሚያቃጥለው የመታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ገብቶ፣ ሲወጣ ወደቀ። የትልቁ ሆስፒታል ሐኪሞች አንጎሉ ውስጥ ደም መፍሰሱን፣ ግፊቱም ለዓመታት ሳይታከም መቆየቱን ነገሩኝ። በሕይወት አለ። ቀኝ እጁ ግን የመግረዣ መቀሱን አይጨብጥም፤ ዛፎቹ የሚገረዙት ደግሞ አሁን ነው። በየቀኑ መስኮት ሥር ተቀምጦ ያያቸዋል።

ይህን ደብዳቤ እንደምጽፍ ሲሰማ በተጣመመው አፉ «ተይ ኪኑዬ፣ ዶክተሩን አታሳፍሪው፤ ደግ ሰው ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ደግ ነዎት። እኔ ግን ተናድጃለሁ። ከቀልድዎ ይልቅ ኪኒን ቢሰጡት ኖሮ ዛሬ መሰላል ላይ ነበር።

ብርድ በደጃፍዎ እንዳያልፍ ዘወትር የምትመኝልዎ፣ ባትሪ ቀያሪዋና ታዛዥዎ፣
ኪኑዬ ኩዶ

ማሳሰቢያ፦ ዛሬ ማለዳ በዚያው ባልታመነ መለኪያ ራሴን ለካሁ፤ የእኔም እንደ እሱ ሆኗል። ሰኞ ለምርመራ እመጣለሁ። አደራዎን ዶክተር፣ ማሞቂያውን አጥፍተው፣ መስኮቱን ከፍተው ይጠብቁኝ።