የአሊዩ አምባው ቀንዲል

አባዬ፣

ከተለየኸን ክረምቱ አልፎ በጋ ገባ። መልስ እንደማላገኝ ባውቅም፣ ቀንዲሉ መሰቀሉን ሳልነግርህ መቅረት አልሆነልኝም።

እኛ ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። እማዬ ሐዘኑ ቢከብዳትም ገበያ መውጣት ጀምራለች። የአንጥረኛ ቤትህን ወናፍ እኔ ይዤዋለሁ።

የአሊዩ አምባችን መስጊድ ጣሪያ የተደረመሰ ጊዜ ትዝ ይልሃል? ጥንት ነጋዴዎች ከምስር አገር፣ ከግብጽ፣ በባሕርና በግመል ያመጡት የናስ ቀንዲል ከፍርስራሹ ሥር ተጨፍልቆ ወጣ። ሽማግሌዎቹ "ይቅለጥና ማንቆርቆሪያ ይሁን" ብለው ላንተ ሰጡህ። አንተ ግን ጥላሸቱን በኩታህ ጫፍ ስትጠርገው ብር ብልጭ አለ። አንድ የጥንት ሰው ናሱን በመሮ እየፈለፈለ፣ በፍልፍሉ ውስጥ ቀጭን የብር ክር እየቀበረ፣ አበባና ፊደል ሠርቶበት ኖሯል። ፊትህ በራ። "እንዲህ ያለ እጅ የሠራውንማ እሳት ውስጥ አልከትም" አልካቸውና አቅፈኸው ቤት ገባህ።

ናሱ አርጅቶ ስለነበር ሳይሞቅ ሲመታ ይሰነጠቅ ነበር። እያሞቅክ፣ በእንጨት መዶሻ ቀስ እያልክ አቀናኸው። የጎደለውን አንድ ጎን ግን ከአዲስ ናስ መሥራት ነበረብህ። ለእሱ ጌጥ የሚሆን ብር ስታጣ እማዬ የሠርጓን የብር አምባር አውልቃ ሰጠችህ። እምቢ ብትላት፣ "እጄ ላይ ሲሆን እኔ ብቻ ነኝ የማየው፤ እዚያ ሲሆን አገር ያየዋል" አለችህ። ስታለቅስ ያየሁህ ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ ሲያስቸግርህ የኖረው ሳል በረታብህ። የመጨረሻዋን አበባ ትራስ ተደግፈህ ጨረስካት። እንኳን ልትሰቅለው፣ ቀና ብለህ ልታየውም አልቻልክም።

አሁን መስጊዱ ተሠርቷል። ባለፈው ጁምዓ ለመግሪብ ሶላት ስንሰበሰብ ቀንዲሉን ሰቀልነው። ዘይቱ ሲለኮስ ብርሃኑ በቀዳዳዎቹ ሾልኮ ግድግዳውን በከዋክብት ሞላው። "ይቅለጥ" ያሉት ሽማግሌዎች ራሳቸው አፋቸውን ይዘው ቆሙ። ከአንኮበር የወረዱ ነጋዴዎችም ዙሪያውን እያዩ፣ የትኛው ጎን የጥንቱ፣ የትኛው አዲሱ እንደሆነ መለየት አቃታቸው።

አባዬ፣ አላህ በጀነት ያኑርህ። ቀንዲሉን መጀመሪያ የሠራውን የምስር ሰው ስም የሚያውቅ የለም። ያንተ ግን እንዲህ አይጠፋም፤ እኔ በሕይወት እስካለሁ ለጠየቀኝ ሁሉ የመጨረሻዋን አበባ በጣቴ እየጠቆምኩ "ይቺ የአባቴ ናት" እላለሁ።

ልጅህ