ምሰሶ ያልፈቀዱት የቀኛዝማች አላምረው ተክለ ጊዮርጊስ የሕይወት ታሪክ

ቀኛዝማች አላምረው ከአባታቸው ከመሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስ ቢያዝንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተሩፋኤል ወልደ ገብርኤል በ1892 ዓ.ም. በወገራ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ከፍ ብሎ ባለው ደጋ ተወለዱ። ዳዊት የደገሙት እኩዮቻቸው ፊደል ሳይለዩ ነው። ድምፃቸውም ገና በልጅነታቸው ከማዶ ተራራ ያለውን ከብት ያስበረግግ ነበር።

በ1916 ዓ.ም. ከወይዘሮ እንኳየሁ ኃይለ ጊዮርጊስ ጋር በተክሊል ተጋብተው አምሳለንና ሀዳነን ወለዱ። የጠላትን ዘመን በዱር በገደል አሳለፉ፤ ጠላት ከወገራ የወጣው እንግሊዝ ስለ መጣ የሚመስለው ካለ፣ እሳቸውን አያውቅም ማለት ነው።

ከድል በኋላ ጎንደር ገብተው የአርበኞች ማኅበር ሊቀ መንበር ሆኑ። በ1942 ዓ.ም. ከፋሲል ግንብ ወዲህ ዓይን ያላየውን አዳራሽ አስጀመሩ። አርበኛ ከአርበኛ ኋላ አልቀመጥም ስላለ አዳራሹ ክብ ሆነ። ግንበኛው አቶ አያና፣ «አያ፣ ይህን የሚያህል ክዳን መካከሉ ላይ ምሰሶ ይፈልጋል» ቢሏቸው፣ «ከምሰሶው ኋላ ማን ተደብቆ ይቀመጥ? ስሙን ጥራና ሂድ አንተው ንገረው!» አሏቸው። አቶ አያና የታጠቁትን አርበኞች ዞር ብለው አዩና ክዳኑን ያለ ምሰሶ አወጡት።

ክዳኑ በ1944 ክረምት ተደረመሰ፤ ደግነቱ ሰው አልነበረበትም። ቀኛዝማች ከዚያ ወዲያ የተመኙት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሲሞቱ ከዚያ ክዳን ሥር ተለቅሶላቸው መሸኘት። ቆርቆሮው እንደገና ወጣ፤ እንደገና ወረደ። በመጨረሻ ኩራታቸውን ዋጥ አድርገው፣ «ምሰሶው ይቁም፤ ከኋላው እኔ እቀመጣለሁ» አሉ።

«ምነው አያ! ሊቀ መንበሩ ተደብቆ ምን ስብሰባ አለ?» ብለው አባላቱ እምቢ አሉ።

ስብሰባው በጃንጥላ ሥር ቀጠለ። አርበኞቹም አንድ በአንድ አለቁ። ቀኛዝማችን እዚያው የመታቸው ብርድ ሳንባቸው ላይ ወርዶ፣ ሐኪምም ጠበልም ሳይመልሳቸው፣ ሐምሌ 19 ቀን 1961 ዓ.ም. በተወለዱ በ69 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውንና ሁለት ልጆቻቸውን ትተዋል።

ዛሬ አስከሬናቸው እንደ ቃላቸው በአዳራሹ መካከል ዐርፏል፤ ክዳኑ ግን የሐምሌ ሰማይ ነው። ከማኅበሩ የቀሩት ባላምባራስ ወልደኢየሱስ ብቻ ናቸው። እሳቸውም ትናንት ምሰሶው እንዲቆም ፈቀዱ። ከኋላውም ከፊቱም የሚቀመጥ ግን የለም።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ዝናብ በማይገባበት፣ ፊትና ኋላ በማይባልበት ቤት ያስቀምጥልን።