እኔ ሳልኖር «ደህና አደራችሁ» ስለሚለው ድምፄ

ለተከበሩ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ጣቢያችን ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት፣ ማለትም በማይገኙበት ቢሮዎ፤

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ጤና፣ ለሚሽከረከረው ወንበርዎ፣ እንዲሁም እርስዎን ተክቶ በዚያ ወንበር ላይ ለሚውለው ኮትዎ ጤና የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የእኔን ጤና ለማወቅ ቢሹ፣ ጉልበቴ እንደ ዕድሜው ነው፤ ዓይኔም መነጽር ከታከለበት ይህን ለመጻፍ አላነሰኝም። የድምፄን ጤና ግን እርስዎ ቢነግሩኝ ይሻላል፤ ከእርስዎ ዘንድ ነውና።

በየማለዳው በጣቢያዎ «ደህና አደራችሁ ወገኖቼ» የምለው አሮጊት ነኝ። ሰፈርተኛው «እማማ ደህና አደራችሁ» እያለ ይጠራኛል፤ ወላጆቼ ያወጡልኝን ስም የሚያስታውስ ሰው እየጠፋ ስለሄደ እኔም በዚሁ ስጠራ «ወዴት» ብያለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼ ደብተራቸውን ጥለው ጎጆ ከወጡ በኋላ፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው። ማንበብ ስችል ደግሞ የሚነበብ አጣሁ። የዱቄቱን ከረጢት አነበብኩት፤ የሳል መድኃኒቱን ጠርሙስ አነበብኩት፤ ሁለቱም መጨረሻቸው አያጓጓም። ጣቢያው ተከፍቶ በጎ ፈቃደኛ አቅራቢ ሲፈለግ እጄን ያወጣሁት ለአገር ዕድገት ብዬ ሳይሆን የሚነበብ ነገር ፍለጋ ነው፤ ይህን ለእርስዎ መደበቅ አልፈልግም።

እርስዎ ሳይመጡ በፊት ስቱዲዮው የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። ግድግዳውን የእንቁላል ካርቶን ለጥፈንበት፣ የማይክሮፎኑን አፍ በካልሲ ሸፍነን እንሠራ ነበር። ካልሲው እንደ እኔ በጎ ፈቃደኛ ከሆነው ልብስ ሰፊ የተገኘ ነው፤ መታጠቡን ምሎልናል። እሱ የጠፉ ከብቶችን ያስነግራል፤ እኔ ሰላምታና የሐዘን ማስታወቂያ አነባለሁ። ፊደሉን እንደ ጥራጥሬ አንድ በአንድ እየለቀምኩ ስለማነብ፣ የሟቹን ስም እስክጨርስ ድረስ ስሙ በዚያው ፊደል የሚጀምር በሽተኛ ያለበት ቤት ሁሉ ይንቀጠቀጥ ነበር። ልብስ ሰፊው «እትዬ፣ በእርስዎ አፍ የሚሞት ሰው ትንሽ ዕድሜ ይጨመርለታል» ይለኝ ነበር። አድማጮቻችንም ለመዱኝ፤ ሬዲዮናቸውን «አይዞሽ፣ ትደርሺያለሽ» ይሉታል አሉ።

ከዚያ እርስዎ መጡ፤ ዘመናዊ አሠራርም አብሮዎት መጣ። አንድ ቀን ሰብስበውን «ለማስታወሻ ነው፣ ታሪክ እንዳይጠፋ» ብለው ድምፃችንን አስቀረጹ። ሰላምታ አሉኝ፤ ሰጠሁ። የአየር ሁኔታ አሉኝ፤ በጋ ስለነበር ያየሁትን ሰማይ ነገርኩዎ። «አሁን ደግሞ ትንሽ ይሳቁልን እማማ» አሉኝ። ያለ ነገር እንዴት ይሳቃል ብዬ ስግደረደር ልብስ ሰፊው ማዳመጫውን አገጩ ሥር አስሮ፣ ጥርሱን የታመመ ሽማግሌ መስሎ ቁጭ አለ፤ ሳቅኩ። ታሪክ ሳይጠፋ ሳምንት ቆይቶ እኛ ጠፋን። የምስክር ወረቀትና የታሸገ ውሃ አድለው፣ አጨብጭበው ሸኙን። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር፤ ስለ እሱ አሁንም አመሰግናለሁ።

እንግዲህ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. በገዛ ድምፄ ስለሚቀሰቅሱኝ አመሰግናለሁ። ከተሰናበትኩ በኋላ በመጀመሪያው ጧት አልጋዬ ላይ ሆኜ ከጎረቤት ሬዲዮ «ደህና አደራችሁ ወገኖቼ» ስባል ደንግጬ፣ «ደህና፣ አንቺስ እንዴት አደርሽ?» ብዬ መለስኩ። ሴትዮዋ መልስ ሳትሰጠኝ ወደ ሌላ ወሬ አለፈች። እንደዚህ ያልተቀጣሁ መሆኔን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

፪ኛ. ስለ አየር ሁኔታው። ያ የበጋ ሰማይ በክረምቱ መካከል በየጧቱ «ጥርት ብሏል፤ እህል ያላችሁ አስጡ» ይባልለታል። ፊት ለፊቴ ያለችው ጎረቤቴ በእኔ ቃል ተማምና በቆሎዋን ግቢዋን ሙሉ አሰጣች፤ በረዶ ወረደበት። የራሰውን በሰፌድ ይዛ መጥታ ደጄ ላይ ደፋችውና «ሰማዩ ጥርት ያለው ባንቺ ጣራ ላይ ብቻ ነው?» አለችኝ። እኔ አልተናገርኩም ብላት «እንግዲያው የገዛ ጆሮዬን ልክሰስ?» አለችኝ። ፍርድ ቤት ብትሄድ የምትረታኝ እሷ ናት። በቆሎው ደጄ ላይ በቅሏል፤ በዚህም እርሻ ስላስያዙኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

፫ኛ. ሰው ጣቢያውን ትቶ ቤቴን ያንኳኳል። አህያ የጠፋበት አንድ ሰው «አስነግሪልኝ» ብሎ መጥቶ፣ ከሥራ ከወጣሁ ቆየሁ ስለው «ጧት እየሰማሁሽ ነው የመጣሁት፤ አየር ላይ ወጥተሽ ኮራሽብን» ብሎ አኩርፎ ሄደ። የልብስ ሰፊው መከራ ደግሞ ከእኔ ይብሳል። በእሱ ድምፅ የምትፈለገው ቡናማ ላም ከተገኘች ከርማለች፤ ወልዳለች፤ ጥጃዋም በተራው ጠፍቶ ተገኝቷል። እሷን ግን ዛሬም እንፈልጋታለን። ባለቤቷ ገበያ ሊያወጣት ቢነዳት በየመንገዱ «አገኘናት!» እያሉ ያስቆሙታል።

፬ኛ. ይህኛው ረዘም ይላል፤ ቢሮዎ ካሉ ኮትዎን ገለል አድርገው ይቀመጡ።

ታላቅ እህቴ ወንዝ ማዶ ትኖራለች። እናታችን ስትሞት አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ማንበብ አትችልም፤ ስልክም አትይዝም። ሬዲዮ አላት፤ እሱንም የገዛችው እኔን ለመስማት ነው። ከጣቢያው መባረሬን ሄጄ ሳልነግራት ጭቃው መንገዱን ቆረጠውና ቆየሁ። በዚህ መካከል ባሏ ሞተ። እህቴም መንገዱ ገና ሲከፈት ወደ ገበያችን በመጣው የጭነት መኪና ሹፌር «እህቴ ትድረስልኝ፤ ለዘመድ ወዳጅም በሬዲዮ ታስነግርልኝ» ብላ ወደ ጣቢያው ላከች።

ሹፌሩ ደርሶ አዲሱን ዘበኛ አገኘው። ዘበኛውም ከተቆለፈው ክፍል ውስጥ ድምፄን ስለሰማ «ውስጥ ሥራ ላይ ናቸው፤ ሲወጡ እነግራቸዋለሁ» ብሎ መልእክቱን ተቀበለ። በሩ ላይ «ቀይ መብራት ሲበራ ማንኳኳት ክልክል ነው» የሚለው የእርስዎ ትእዛዝ ተለጥፏል፤ መብራቱም አይጠፋም። ምስኪኑ ዘበኛ እስኪመሽ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። እኔም ስናገር ዋልኩ፤ አልወጣሁም።

በማግሥቱ፣ በቀብሩ ጧት፣ ለቀስተኛው የሐዘን ማስታወቂያውን እንዲሰማ ብላ እህቴ ሬዲዮዋን ከፈተች። መጀመሪያ ሳቅኩ። ቀጥዬም «ዛሬ ደስ የሚል ቀን ነው፤ ቤታችሁ በሳቅ ይሙላ» አልኳቸው።

እኔ የሰማሁት ከቀብሩ በኋላ፣ ሹፌሩ ገበያ ላይ አግኝቶኝ «ምነው እማማ ቀሩ?» ሲለኝ ነው። በዚያው እግሬ ወንዙን ተሻግሬ ደጇ ላይ እያለቀስኩ ስደርስ፣ እህቴ ሳትነሣ «ሥራሽን ጨርሰሽ መጣሽ?» አለችኝ። ኮምፒውተር ነው፣ የቆየ ቀረጻ ነው ብዬ አስረዳኋት። «ሳቁ ያንቺ አይደለም?» አለችኝ። የእኔ ነው አልኳት። «ደስ የሚል ቀን ነው ያልሽው አንቺ አይደለሽም?» አለችኝ። እኔ ነኝ፣ ግን ያን ቀን አይደለም አልኳት። «እኔ የሰማሁት ያን ቀን ነው» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፣ ክቡርነትዎ። የሌላው ሰው ቃል አፋፉን አልፎ ገደል ይገባል፤ የእኔ በእርስዎ ቸርነት በየጧቱ ተመልሶ ይወጣል።

ይህን አንድ ቀን በአጋጣሚ ቢሮዎ ተገኝተው ነግሬዎት እንደነበር አይዘነጉም። መብራት ስለጠፋበት ሰዓት ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው «በጣም እናዝናለን» አሉኝ። በቀጥታ ስርጭት ገብቼ የእህቴን ባል መርዶ አንድ ጊዜ ላንብብ ብዬ ብለምንዎ፣ ቀጥታ ስርጭት መቅረቱን፣ ማሽኑ እንደማይደክመው፣ እንደማያረጅ፣ የእኔም መንተባተብ ተቆርጦ ስለሚወጣ አድማጭ እንደማይሰላች አብራሩልኝ። ከዚያም ባዘነ ፊት «ከፈለጉ መርዶውን እንቀርጽና በየጧቱ ከሰላምታው ቀጥሎ ይገባልዎታል» አሉኝ። ሰውዬው አንድ ጊዜ ሞቶ የቀረው አንሶት በየጧቱ እንዲሞት! እንዲህ ያለ ደግነት አይቼ ስለማላውቅ ነጠላዬን ሰብስቤ ወጣሁ።

ሳምንት ሳይሞላ ግን እርስዎ ራስዎ አስጠሩኝ። ከበላይ ጎብኚዎች ስለሚመጡ፣ አሮጌው ሰላምታ ስለተሰለቸ፣ አዲስ እንድቀርጽልዎ፣ «ረዘም ያለና ከልብ የመነጨ ይሁን» ብለው አዘዙኝ። በጎ ፈቃደኛ ነኝና ታዘዝኩ፤ ቀርጬም አስረከብኩ።

አሁን የምለምንዎት ጥቂት ነው። ያቺን ሳቄን ያጥፉልኝ። ስለ ልብስ ሰፊው ማዳመጫ ብዬ የሳቅኩት ነው እንጂ ለሰው ቀብር አልሳቅኩም። የዘበኛውንም በር ያስከፍቱለት፤ ውስጥ ሰው አለመኖሩን አይቶ ይረፍ። እኔን ግን ወደ ሥራዬ ይመልሱኝ አልልዎትም፤ ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፣ እርስዎ ደግሞ አጥሩንም ባለቤቱንም ነቅንቀው ጨርሰዋል።

በቁሟ የተወረሰች፣ በሌለችበት የምትናገር፣ በምትናገርበት የማትገኝ፣
ስለ ቀዝቃዛው ውሃ እስከ ዕለተ ሞቷ የምታመሰግንዎ ታዛዥዎ፣
እማማ ደህና አደራችሁ
(ዕለተ ሞቴ ሲደርስ ማንም እንደማያምን አውቃለሁ፤ በማግሥቱ ጧት ደህና አደራችሁ እላለሁና)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ትናንት ጽፌ ሳልለጥፈው አድሬያለሁ፤ በገበያው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የምለጥፈው ዛሬ ጧት ጎብኚዎችዎ ፊት አዲሱ ሰላምታ ከተሰማ በኋላ ነው። የራስዎን ጣቢያ እንደማያዳምጡ ስለማውቅ፣ ፊታቸው ለምን እንደተለዋወጠ እንዳይቸገሩ በጽሑፍ ላስረዳዎ።

የቀረጸኝ ባለሙያዎ ቃሌን አይሰማም፤ የሚያየው በማሽኑ ላይ የሚዘሉትን አረንጓዴ መብራቶች ነው። ለሥልጠና ወደ ከተማ የሚሄድበት መኪና ደጅ ላይ ጥሩምባ እያሰማ ስለነበር «ድምፅዎ ጥሩ ገብቷል እማማ» ብሎኝ፣ መንተባተቤንም ሳይቆርጥ አስገብቶት፣ ክፍሉን ቆልፎ ቁልፉን ይዞ ሄደ። ረዘም ይበል ብለውኝ ነበር፤ ረዝሟል። ከልብ ይመንጭ ብለውኝ ነበር፤ መንጭቷል። ደህና አደራችሁ ካልኩ በኋላ ክፍሉ ውስጥ እንደሌለሁ፣ ስለ ሰማዩ ሰማዩን እንጂ እኔን እንዳይጠይቁ፣ ቡናማዋ ላም መገኘቷን፣ ሳቁ የልብስ ሰፊው ጥፋት መሆኑን ተናገርኩ። ከዚያም ለእህቴ ብዬ የባሏን መርዶ አነበብኩ፦ ጉድጓድ ቆፋሪው፣ ግማሹ አገር ከቆፈረው ውሃ የሚጠጣለት ሰው፣ ማረፉን። ስሙ ላይ ስደርስ ፊደሉ አልለቀም አለኝ፤ ሁለቴ ጀመርኩት።

ቀትር ላይ ሹፌሩ ከወንዝ ማዶ መልእክት አመጣ። እህቴ እንዲህ ብላለች፦ «ንገሯት፤ ሰምቻለሁ። ስሙ ላይ ስትንተባተብ እሷ መሆኗን አወቅሁ። ያቺ ምላሰ ቅቤ ሴትዮ እህቴ አልነበረችም። በሩ አልተቀረቀረም።»

ባለሙያው እስኪመለስ ነገም፣ ከነገ ወዲያም በየጧቱ ይደገማል፤ ማሽኑ አይደክመውም። ሐሳቡ የእርስዎ ነበርና ምስጋናውም የእርስዎ ነው። እኔ ጫማዬን አድርጌያለሁ፤ ወንዝ ልሻገር ነው። መልስ ካለዎት ቀዩን መብራት አልፈው ገብተው ለዚያች ሴትዮ ይንገሯት። እኔ ቤት የለሁም።