በሩን አስፍተነዋል

የኔ ባንቻየሁ፣

ከተለያየን ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። ደብዳቤ በጤና ጥያቄ ነው የሚጀመረው፤ ያንቺን ጤና ግን ከማን እጠይቃለሁ? ስለዚህ በቀጥታ ወደ ቤታችን ወሬ ልግባ። እኔ አለሁ። እናትሽም አሉ። የእህል መደብሩ አለ፤ ዘንድሮ የጤፍ ገበያው ሞቅ ብሏል። ቢቸናም ከነነፋሷ ከነአቧራዋ እንደተውሻት ናት፤ የሰዉም አፍ እንደዚያው። የተለወጠው ቤታችን ነው።

የአባትሽን በር መቼም አትረሺውም። ለሠርጋችን ብለው ዋንዛ ጠርበው በገዛ እጃቸው ሠርተው፣ ከሞጣ በአይሱዙ ጭነው የላኩልንን። ሰው ቤት ይሠራና በር ይፈልጋል፤ እኛ በር ይዘን ቤት ሠራንለት። ጠባብ ነበር። «የሚያጸድቀው ጠባቡ በር ነው» እያልሽ ትስቂብኝ ነበር።

አባትሽ ሲያርፉ እናትሽ መንኩሰው እኛ ዘንድ መጡ። ከዚያ እግራቸው ከዳቸው፤ በስንት ልመና ያገኘናት ባለ ጎማ ወንበርም በዚያ በር አልወጣ አለች። አንቺ ምን ቸገረሽ! በየጠዋቱ አዝለሽ ፀሐይ ላይ ታወጫቸው ነበር። ወንበሯ ጥግ ይዛ የልብስ መከመሪያ ሆነች። በሩን እናስፋው ስልሽ፣ ጀርባዬ እያለ የአባቴ በር አይነካም አልሽኝ።

ያን ቀን ሳጥንሽን ሲያወጡ በሩ አላሳልፍ አለ። ለሳጥኑ ከነመያዣው አልበቃም። ወደ ኋላ መለሱሽና እንደገና ሞከሩ፤ በመጨረሻ በጎንሽ አጋድለው አወጡሽ። ውስጡ ስትንሸራተቺ ሰማሁ። በሽታሽን ችዬዋለሁ፣ ቀብርሽንም ችዬዋለሁ፤ ያንን ድምፅ ግን እስከ ዛሬ አልቻልኩትም። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

ከዚያ እኔና እናትሽ ብቻችንን ቀረን። አማትና አማች እንደሚፈራሩ ታውቂያለሽ፤ እኛ ደግሞ ስንት ዓመት አንድ ጣራ ስር ኖረን ፍርሃቱ አልለቀቀንም። እግዜር ልጅ አልሰጠንም፤ በመሐላችን የነበርሽው አንቺ ነበርሽ። ለሳቸው የምለውን ላንቺ እላለሁ፤ እሳቸውም የኔን ላንቺ ይላሉ። «እራት ይብላ በይው»፣ «እግራቸውን ዛሬ እንዴት አደራቸው በያቸው»። አንቺ ስትሄጂ ቃል የሚያቀብለን ጠፋ። የምትረዳቸው ሴት ቀጠርኩ፤ ማዘሉን ግን አልቻለችውም። እኔ አማቴን ላዝል ደግሞ ነውር ነው፤ እሳቸውም ከሚታዘሉልኝ ሞታቸውን ይመርጣሉ። እንዲህ ሆኖ ከቀብርሽ ቀርተው ነበር፤ እንዲሁ ሆኖ ፀሐይ ሳያዩ ከረሙ።

መንፈቅሽ እንዳለፈ፣ ክረምት ሳይገባ ብዬ በሩን ለማስፋት ተነሣሁ። ሙሉቀን የሚሉት ኮንትራክተር አለ፤ ወጣት ነው፣ ከጆሮው ስልክ አይለይም። እኔ ደግሞ ታውቂኛለሽ፣ ጤፍ እንኳ ዘግኜ ሳላይ አልገዛም። የጁቤ ድረስ ሄጄ እሱ ያደሰውን ቤት አየሁ። ባለቤቱን ብጠይቀው፣ «ሥራው ወርቅ ነው፤ እሱን ማግኘቱ ነው እንጂ» አለኝ። ይኸን ሰምቼም ተዋዋልኩ። በምስክር ፊት አስጻፍነው፤ ቋሚዎቹ ሳይቆረጡ ጣራው በድጋፍ ይያዝ፣ በሩ ከተነቀለ ሳይገጠም እንዳያድር ተባለ። ሙሉቀን ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳና፣ «ጋሼ፣ ቤት አንዴ ከተነካካ አይቀር» አለኝ። በር ላሰፋ ወጥቼ ኮርኒስና ቀለም ይዤ ገባሁ።

በሩን ነቀለው፤ ቋሚዎቹን ቆርጦ ከላይ አግዳሚ አስገባ። ኮርኒሱን ለወጠ፤ ግድግዳውን ወተት አስመስሎ ቀባው። ከዚያ ሮብ ገበያ ከተማ ሌላ ሥራ ይዞ ጠፋ። ስልኬን አያነሳም። በሩ የነበረበት ላይ ሸራ ወጥረን፣ ነፋሱ ሌሊቱን ሙሉ ሲያርገበግበው ያድራል። የአባትሽ በር ደጅ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

ሰፈሩም ሥራ አገኘ። ሚስቱ ዓመት ሳይሞላት ቤት የሚቀባው ለማን ነው? መቼም ለሙሽራ ነው እንጂ! ወሬው ሁሉ ዘንድ ደርሶ እኔ ዘንድ ብቻ ሳይደርስ ቀረ። እናትሽን ሊጠይቁ ከሚመጡት አንዷ ነግራቸዋለች። እኔ ደግሞ በሩን ለምን እንደማሰፋው አልነገርኳቸውም። በማን ልላክባቸው?

አንድ ቀን ከመደብር ስመለስ ጓዛቸው ታስሮ አገኘሁት። ዳዊታቸውና መቁጠሪያቸው እላዩ ላይ ተቀምጧል። እሳቸው ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ፊታቸውን ወደ ሸራው አዙረዋል።

«ለሞጣ መኪና የሚያሳፍረኝ ሰው ይፈልጉልኝ» አሉኝ። «ለሚመጡት ሙሽራ ቤቱን ልልቀቅ። የባሌን በር ግን ከጣሉት አይቀር፣ እሱንም ይጫኑልኝ።»

ባንቻየሁ፣ ያን ጊዜ ዞሬ የፈለግሁት አንቺን ነው። እንደ ድሮው ከጓዳ ወጥተሽ፣ «ኧረ እማዬ፣ እሱ እንዲህ ለማለት ነው» እንድትይልኝ። ጓዳው ባዶ ነው። መሬት ላይ ተቀመጥኩ፤ ሁሉንም ነገርኳቸው። በሩ እንዴት እንደመለሰሽ፣ እንዴት እንዳጋደሉሽ፣ እንዴት ያለ ድምፅ እንደሰማሁ። እሳቸውን በወንበራቸው ፀሐይ ላይ ላወጣቸው አስቤ እንደሆነም ነገርኳቸው። ያንቺን ነገር ስናገር አለቀስኩ፤ አማቴ ፊት አለቀስኩ።

እሳቸው ነጠላቸውን ከፊታቸው አነሡ። «አይቻለሁ» አሉ። «እዚህ ተቀምጬ ልጄን ሲያጋድሏት አይቻለሁ። እርስዎ አላዩም ብዬ፣ አይወቁ ብዬ ነው የዋጥኩት።»

አየሽ፣ አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ ኀዘን፣ ሁለታችንም አንዳችን ካንዳችን ደብቀነው ነበር። አንቺ ብትኖሪ በአንድ ቀን ታስማሚን ነበር።

ጓዛቸውን ራሴ ፈታሁት። «በሩን እንዳይጥሉት» አሉኝ። «አጠገቡ ሌላ ተካፋች ሳንቃ ይጨመርበት። ባሌም ሰፊ በር ሲታዘዙ ባለ ሁለት ተካፋች ነበር የሚያደርጉት።» የአናጢ ሚስት እኮ ናቸው! ኮንትራክተር ፍለጋ የጁቤ ድረስ ስሄድ ቤቴ ውስጥ ማን እንደተቀመጠ ረስቼ ነበር።

ከዚያ ስልክ አምጡልኝ አሉ። የኔን ስለማያነሳ በሠራተኛዋ ስልክ ደወልንለት። «ልጄ፣ በር በሌለው ቤት የማድር መነኩሴ ነኝ። አዝንብሃለሁ» አሉትና ዘጉት። ሙሉቀን በማግስቱ አናጢ አስከትሎ ደረሰ። ያስጻፍነው ውል ያላመጣውን ሰው የመነኩሴ ኀዘን አመጣው።

እውነቱን ለመናገር ሥራው ወርቅ ነው። በግራ የአባትሽ ተካፋች አለ፤ በጭስና በእጅ ብዛት ጠቁሯል። በቀኝ አዲሱ አለ፤ ገና የእንጨት ሽታው አልለቀቀም። ሁለቱ ሲከፈቱ ወንበሯ ግራ ቀኝ ሳትነካ ታልፋለች።

መጀመሪያ ያወጣኋቸው ቀን ፀሐይ ላይ ላቆማቸው ስል፣ «ልጄ ጋ ይውሰዱኝ» አሉ። እስከ ቤተ ክርስቲያን ገፋኋቸው። ድንጋዩ ሲበዛ መንገደኛ እያገዘኝ ደረስን። መቃብርሽ አጠገብ ሳስጠጋቸው ጎንበስ ብለው እጃቸውን አሳረፉብሽና፣ «ዘገየሁብሽ፣ ልጄ። በር አጥቼ ነው» አሉሽ። ሰምተሽ ይሆናል። በቀብርሽ ቀን ያላለቀሱትን ያን ቀን አለቀሱ፤ እኔ ወንበሯን ይዤ ቆምኩ።

ስንመለስ ዝም አላልንም። ማን እንደጀመረ አላውቅም። እሳቸው ሕፃን ሳለሽ በአባትሽ ፍቅፋቂ ላይ እየተንከባለልሽ እንዴት እንዳስቸገርሽ አወሩኝ፤ እኔም እሳቸው የማያውቁትን፣ ለኔ ብቻ የምታዜሚውን አወራኋቸው። መሐላችን ገብቶ ቃል ያቀበለን አልነበረም።

ዛሬ የሰፈሩ ሰው በሩ አማረ ይለኛል። አዎ፣ አምሯል። ቀናችን ሲደርስ እናትሽም እኔም በዚህ በር ቀጥ ብለን እንወጣለን። አንቺን ግን አጋድለን አውጥተንሻል፤ ያንን የሚያድስ ኮንትራክተር የለም።

ቃሌ ይኸው ነው። እስካለሁ ድረስ ጠዋት ጠዋት ሁለቱንም ተካፋች እከፍታለሁ። እናትሽ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ፤ አያስቸኩሉኝም፤ ለምን እንደምቆም ያውቃሉ። በሩ ዳር ትንሽ እቆማለሁ፤ መጀመሪያ አንቺን አሳልፋለሁ።

ባልሽ፣
አለምነው