የማይንኳኳው ቤት

ከዚህ በታች የሚነበበው ሁሉ እውነት ነው። አንዲት ቃል ተጨምራ ከተገኘች የጻፈው የሟቹ የበኩር ልጅ ምላሱ ይያዝ፤ የተጠራጠረ ካለም ከቀብሩ በኋላ ይምጣ፣ ጨምሮ ይነግረዋል። የተጻፈውም "ጦርነቱ አናቱን ነክቶት ነው" ሲል የኖረ ሁሉ ዛሬ ማንን እንደሚቀብር እንዲያውቅ ነው።

አገር ምድሩ "አስር አለቃ" እያለ የሚጠራቸው እኚህ ታላቅ ሰው ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ተወለዱ። ሲወለዱ ያሰሙት ጩኸት ወንዝ ማዶ ተሰምቷል። ትምህርታቸውን ስምንተኛ ክፍል ላይ አቆሙ፤ የሚማሩት ስላለቀ ነው። ከዚያም በአባታቸው ሱቅ መጋዝና መላጊያ ጨብጠው ሲሠሩ፣ በሃያ ዓመታቸው ጦርነት መጣና ዘመቱ።

በግንባር የፈጸሙት እንዲህ ነው። ጠላት አንድ ምሽግ ውስጥ ገብቶ የብረት በር ዘጋ። መድፍ ቢተኮስበት ንቅንቅ አላለም። አስር አለቃው "እስቲ ወግዱ" ብለው በትከሻቸው አንድ ጊዜ ገፉት፤ በሩ ከነመቃኑ ወደ ውስጥ ተገለበጠ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በር የተባለ ፍጥረት ሁሉ ፈራቸው።

ማስረጃው ቤታቸው ነው። ከጦር ሜዳ ሲመለሱ በሐኪም ቤት ያስታመሟቸውን ነርስ አግብተው የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ። የከተማውን እኩሌታ በሮች ሠርተዋል፤ የእጃቸው በር ሲከፈት የተኛች ድመት አይቀሰቅስም። በገዛ ቤታቸው ግን በሠርጋቸው ማግስት መዝጊያዎቹን በሙሉ ነቅለው፣ ከአንዱ የምግብ ጠረጴዛ፣ ከሌላው ደግሞ ቆይተው የልጆች አልጋ ሠሩ። በዓለም ላይ በር ላይ ተኝቶ ያደገ ሰው ቢኖር የበኩር ልጃቸው ብቻ ነው፤ የቁልፉ ቀዳዳ ከትራሱ ሥር ነበር። መግቢያው ላይ መጋረጃ ብቻ ስለተንጠለጠለ ብርዱ እንደ ዘመድ ሰተት ብሎ ይገባል። የሠፈር ልጆች "የበር ሠሪ ልጅ፣ በር የሌለህ!" ሲሉት የብረቱን በር ይተርክላቸዋል፤ በሩም በየዓመቱ ይወፍር ነበር። አባት እየሰሙ መላጊያቸውን ይገፋሉ እንጂ አንድ ቀን "አዎ" ወይም "አይደለም" ብለው አያውቁም።

የቤቱ ሕግ አንድ ነበር፦ ማንኳኳት ክልክል ነው። የመጣ ሁሉ ገና ከመንገዱ "እኔ ነኝ፣ ደህና ነኝ!" ብሎ መጮህ አለበት። ፖስተኛውም፣ ቆጣሪ አንባቢውም እንደዚያው ይጮሁ ነበር። አንድ ቀን ታዲያ የሴት ልጃቸው እጮኛ ጨዋነቱን ለማሳየት ብሎ መቃኑን አንኳኳ። አስር አለቃው ሳህናቸውን ደፍተው ወጡና ደረቱን ሆዱን እየዳሰሱ "የት ጋ ነው የተመታኸው? ግባ! ግባ እንጂ!" አሉት።

"ኧረ አባባ፣ ደህና ነኝ!" አለ እጮኛው።

"እኔ ነኝ በል አላልኩህም? ደንቆሮ!" ብላ ልጅቱ አለቀሰች።

አስር አለቃው እስኪመሽ ደፉ ላይ ተቀምጠው መንገዱን ሲጠብቁ ቆዩ። የበኩር ልጃቸው "ጀግና እንግዳ የሚቀበለው እንዲህ ነው" ብሎ አስረዳ፤ እጮኛውም አምኖ አገባ።

በመጨረሻ ሳንባቸውን ታመው ሆስፒታል ሲገቡ፣ ቤተሰቡ የክፍሉ በር እንዳይዘጋ ብሎ በየተራ መግቢያው ላይ ወንበር ደቅኖ ተቀመጠ፤ ነርሶቹ ሳይቀሩ "እኔ ነኝ፣ ደህና ነኝ" እያሉ መግባት ለመዱ። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ በሩ ወለል ብሎ እንደተከፈተ፣ በሰባ ስምንት ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል።

ይህ ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ለባለቤታቸው ተነበበላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ልጄ፣ አባትህ በር ሰብሮ አያውቅም" አሉ። "ምሽጉ ውስጥ የነበረው እሱ ነው። ጓደኛው ቆስሎ መጥቶ ከውጭ አንኳኳ፤ ጠላት እንዳይሰማው ፈርቶ አልተጣራም። አባትህ ጠላት መስሎት አልከፈተም። ሲነጋ ቢከፍት፣ ጓደኛው ደፉ ላይ ሞቶ ነበር። ይህን ለእኔ የነገረኝ ቀን ነው መዝጊያዎቹን የነቀለው። እንዳለ ጻፈው፤ አሁንስ ይረፍ።"

እንዳሉት ተጽፏል። ፈጣሪ ሳያንኳኩ ያስገባቸው፤ ያ ጓደኛቸውም ገና ከሩቅ "እኔ ነኝ፣ ደህና ነኝ!" ይበላቸው።