በአረንጓዴ ባጅ ቤተኛ ስላደረጉን

ለክብርት ወይዘሮ ክርስቲን ሃልቮርሰን
የሐይቅ ዳር መጠለያ ማኅበር ዋና ዳይሬክተር
ዱሉዝ፣ ሚኒሶታ

ክብርት ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ የተሟላ፣ ጉሮሮዎ ለቅዳሜው ንግግር የጠራ እንዲሆን፣ ከሐይቁ የሚነሣው ብርድም ከመኪናዎ እስከ ቢሮዎ ባለችው አጭር መንገድ እንዳይደፍርዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ቬርና ኮስኪ ነኝ፤ በማኅበራችን ምድር ቤት የልብስ ማጠቢያውን ክፍል የምይዝ፣ ከዚያ በፊት ደግሞ እዚያው መጠለያ ውስጥ አንድ ክረምት ያደርኩ ሴት። በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነበር፤ በሩ ላይ የተለጠፈውን "በራችን ለሁሉም ክፍት ነው" የሚለውን ጽሑፍ ደጋግሜ ለማንበብ የቻልኩትም በሩ ዝግ ስለነበረ ነው።

እንደሚያውቁት፣ በመጠለያው ካደርን በኋላ እዚያው ተቀጥረን የምንሠራ ጥቂት ሰዎች አለን። ረቡዕ ረቡዕ ምሳችንን ይዘን ከማድረቂያ ማሽኖቹ ጀርባ እንሰበሰብ ነበር፤ ቦታው ይሞቃል፣ የማሽኑ ድምፅም ወሬያችንን ይሸፍንልናል። ስም አልነበረንም። ፎቅ ላይ የማይባለውን እዚያ እንባባል ነበር፤ ማን አሁንም በሕልሙ አልጋ ሲለምን እንደሚያድር፣ የትኛው ሠራተኛ እንግዶቹን እንደሚያመናጭቅ። ይህ ከጆሮዎ በደረሰ ጊዜ ደስታዎ ወሰን አልነበረውም። የሠራተኞች መደጋገፊያ ቡድን አደረጉን፣ አማካሪ ቀጠሩልን፣ "የተስፋ ድምፆች" የሚል ስም አወጡልን፣ ቤተኝነት እንዲሰማንም ወሰኑ። ምስጋናችን እንደሚከተለው ነው።

፩ኛ፤ ሌላው ሠራተኛ ነጭ ባጅ ሲያደርግ፣ ለእኛ ለይተው "እኔም እዚህ አድሬያለሁ" የሚል አረንጓዴ ባጅ፣ ያውም ሳንጠይቅዎና ሳይጠይቁን፣ ስላደሉን እናመሰግናለን። ከዚያን ቀን ወዲህ የሒሳብ ክፍሏ ሴትዮ እኔ ስገባ ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሳብ ታደርጋለች። ኮምፒውተር የሚጠግነው ልጅም፣ ድሮ "ቬርና፣ ዛሬስ የማንን ካልሲ በላሽ?" እያለ ሲያሾፍብኝ የነበረው፣ አሁን ቃሉን አንድ በአንድ እየለየ "አይዞሽ፣ ጠንካራ ሴት ነሽ" ይለኛል። ጠንካራ መሆኔን አውቃለሁ፤ ሹፈቱን ግን ይመልሱልኝ።

፪ኛ፤ ከምድር ቤት አውጥተው ሐይቁ ወለል ብሎ በሚታይበት ክፍል ስለሰበሰቡን፣ በመጀመሪያው ስብሰባም ራስዎ ተገኝተው ስላለቀሱ ምስጋናችን የላቀ ነው። የሚያለቅስን ሰው ዝም ብሎ ማየት ስለማይቻል፣ ልባችንን ልናወጣ የመጣን ሰዎች ስብሰባው እስኪያልቅ መሀረብ ስናቀብልዎ ቆየን። በር ላይ እንግዶችን የምትቀበለው ሮበርታ ቤላንጀር ስንወጣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "ቆይ፣ ቤት ያጣችው እሷ ናት እንዴ?" አለችኝ። ሳቄን ለመያዝ ያየሁትን መከራ እኔ ነኝ የማውቀው።

፫ኛው ጉዳይ የዚችው የሮበርታ ነው፤ እዚህ ላይ ሳቅ የለም። ለቅዳሜው የገንዘብ ማሰባሰቢያ እራት ታሪኳን እንድትናገር ጠየቋት። "ወይዘሮ ክርስቲን፣ ሥራ ይዘዙኝ እሠራለሁ፤ ታሪኬን ግን ለኔ ይተዉልኝ" አለችዎ። እርስዎም "ምንም ችግር የለም የኔ ቆንጆ" ብለው አቀፏት። በሳምንቱ ከመጠለያው የድሮ ፎቶዎች መካከል፣ ሮበርታ ሕፃን ልጇን ታቅፋ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠችበት ተመርጦ፣ ከሰው ቁመት በልጦ፣ በመግቢያችንና በአውቶቡስ መጠበቂያዎቹ ሁሉ ተሰቀለ።

ሕፃኗ ኬንድራ ትባላለች፤ ዛሬ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት። እናቷ ያንን ክረምት አክስታችን ቤት ነው ያሳለፍነው ብላ ነው ያሳደገቻት። ውሸት ነው ካሉ ይበሉ፤ እኔ ግን ልጅን ከብርድ እንደሚያስጥል ካፖርት ነው የማየው። ኬንድራ ፎቶውን ያየችው ከክፍል ጓደኞቿ ጋር አውቶቡስ ስትጠብቅ ነው። ቤት ገብታ "እማ፣ ይቺ የታቀፍሻት እኔ ነኝ አይደል?" አለቻት፤ ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ በአንድ ጠረጴዛ እየበሉ አይነጋገሩም።

ሮበርታ ፎቶው እንዲወርድ ስትለምንዎ "ፊትሽ እኮ የሚታየው በግማሽ ነው" አሏት። "የልጄ ግን ሙሉ ነው" አለችዎ። እርስዎም ማሳሰቢያ ሰጧት፤ ከእራቱ ከቀረች የኅብረት መንፈስ እንደሚጎድላት ተቆጥሮ የበሩ ሥራዋ እንደገና ይታያል የሚል።

ይህን ደብዳቤ ሮበርታ ለብቻዋ፣ ኬንድራም ለብቻዋ አንብበው ፈቅደዋል። ፈቃድ መጠየቅ በጣም ከባድ ሥራ ይመስለኝ ነበር፤ "ይሁን ወይ?" ብሎ መልሱን መጠበቅ ብቻ ሆኖ አገኘሁት። ይህን ዘዴ ለአማካሪዎ ቢያስተላልፉልኝ ደስታዬ ነው።

እንግዲህ ልመናችን ፎቶዎቹ ከቅዳሜ በፊት እንዲወርዱና ሮበርታ በሥራዋ ላይ እንድትቆይ ነው። ይህ ካልሆነ "የተስፋ ድምፆች" ተብለን ወደ መድረክ ስንጠራ አያገኙንም፤ በየአውቶቡስ መጠበቂያው ተከፋፍለን ቆመን የልጅቷን ፊት በጀርባችን ሸፍነን እናመሻለን። አረንጓዴ ባጆቹን ከጸሐፊዎ ጠረጴዛ ላይ ያገኟቸዋል።

ክፍሌ ምድር ቤት ስለሆነ ከማንም ይልቅ ዝቅ ብዬ፣ ከደግነትዎ መሸሸጊያ ያጣሁ፣ ምንጊዜም አክባሪዎ፣

ቬርና ኮስኪ
ከማድረቂያዎቹ ጀርባ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት ሮበርታ ለምሳ ወጥታ በሩን ይዤላት ሳለ አንዲት እናት ሕፃን ታቅፋ ገባች። ፎቶውን ቆማ አየችና "እኛንስ ፎቶ የምታነሱን መቼ ነው?" አለችኝ። "ማንም አያነሳችሁም" አልኳት። "ታዲያ እሷስ?" አለችኝ። የልጇን ፊት ወደ ደረቷ አዙራ ወጣች፤ ተመልሳ እንድትገባ እስከ መኪናዋ ተከትዬ ብለምናትም እምቢ አለች። ቅዳሜ በንግግርዎ "ማንንም ከበር መልሰን አናውቅም" የሚለው ጋ ሲደርሱ እባክዎ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ። የሚያድሩባትን መኪና ያቆመችው ከእራቱ አዳራሽ ጀርባ ነው፤ ሕፃኑን እንዳይቀሰቅሱባት።