ከጉድጓዱ የወጣው ሎህ

ጥር 4፣ 2016 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ። ምሽት 12፡30

እጄን ሦስቴ ታጠብኩ። ጭቃው ከጥፍሬ ሥር ንቅንቅ አላለም።

የዛሬ ምዝገባ፦ ዛጎል 4፣ የመስታወት ዶቃ 1፣ ሰማያዊ አበባ ያለበት የቻይና ሸክላ ስባሪ 2። ሁሉም ባሕር ተሻግሮ የመጣ። እዚህ ግን ባሕር የለም፣ ደብተሬ። በሶማሌ ክልል፣ ከደምበል ከተማ ወጣ ብሎ ያለ ድንጋያማ ኮረብታ ነው። ፍርስራሹ ድሮ ከተማ ነበር፤ ከዘይላ ወደብ ዕቃ የጫኑ የግመል ነጋዴዎች የሚያርፉበት። ዶ/ር ሂቦ፣ የቁፋሮው ኃላፊ፣ ወደብን ለማወቅ ዕቃው የሄደበትን መንገድ መከተል ነው ትላለች። ሰኞ መሐል ከተማው ላይ ያለውን አሮጌ ጉድጓድ እንጀምራለን። በድንጋይና በደለል ከተደፈነ ዘመን አልፎታል። ግርጌው ግን ውሃ አለ።

ደክሞኛል። ጥሩ ድካም።

ጥር 6፣ ሰኞ። ማታ

ልቤ እስካሁን አልረጋም።

ሊባን፣ ጉድጓድ ቆፋሪው፣ ሰባት ጊዜ ወረደ። ፓምፑ ውሃውን ይስባል፣ እሱ በገመድ ይወርዳል፣ ጭቃ እስከ ደረቱ። ባልዲ ይልካል፤ እኔ ላይ ሆኜ በወንፊት አጣራለሁ። 9፡00 ላይ ገመዱን ሁለቴ ሳበ። ቁሙ ማለት ነው። ከዚያ ጸጥ። ብንጠራው አይመልስ። ሂቦ ጠርዙ ላይ በሆዷ ተኝታ ስሙን ትጮሃለች። እኔ መጸለይ ጀመርኩ፤ የትኛውን ጸሎት እንደሆነ አላውቅም።

ሲወጣ ሸሚዙ ውስጥ የሆነ ነገር አቅፏል። ለምን ዝም አልክ አልነው። ትንፋሹን ውጦ ነበር፤ ከጭቃው ሲያላቅቀው እንዳይሰበርበት።

ጣውላ። እጀታ ያለው፣ እጀታው ላይ ቀዳዳ። አዴር ፋራህ አዩት፤ ጫማቸውን አወለቁ። ሎህ ነው አሉ፣ የቁርኣን ተማሪ የሚጽፍበት። እርሳቸው በልጅነታቸው የተማሩበትም ልክ ይህን ይመስል ነበር። (አዴር ማለት አጎት ነው። ጠባቂያችን ናቸው፤ ሁላችንም እንዲሁ እንጠራቸዋለን።)

ቀለሙን ውሃ ወስዶታል። ጣውላው ግን አለ። ጭቃና ውሃ ጠብቀውት። ከደረቀ ይሰነጠቃል፤ የጥገና ባለሙያ ከአ.አ. እስኪመጣ ውሃ ውስጥ መቆየት አለበት። ሂቦ አለቀሰች። ወዲያው ደግሞ ሳፋ አምጡ ብላ ጮኸችብን።

ጥር 8፣ ረቡዕ

ዛሬ አፈርኩ።

ሆዳን የምትባል ሴት ጄሪካኗን ይዛ መጣች፤ ከኋላዋ ሌሎች አምስት። ሳፋውን አየች። ሎሁን አየች። በሶማሊኛ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦

“ፍየሎቻችን ተጠምተው እናንተ እንጨት ታጠጣላችሁ?”

ውሃ የሚቀዱት ሩቅ ካለው ቢርካ ነው፤ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት የሲሚንቶ ገንዳ። እሱም እየጎደለ ነው። ይህ ጉድጓድ ቢጸዳ ይጠጡበታል። እኛ ነን የያዝነው። ሂቦ እስከ ሰኞ እንለቃለን ብላ ቃል ገባች። ያላት ጊዜ የሦስት ሳምንት ነበር። አዴር ፋራህ መሐል ገብተው አወሩ፤ ሎሁ የአያቶቻችሁ ነው አሏቸው። ሆዳን ሄደች፤ ግማሽ ጄሪካን ውሃ ትታልን።

ከሰዓት አዴር ጎሳዬን ጠየቁኝ። አያቴ ወታደር ሆኖ ጅግጅጋ እንደገባ፣ እዚያው ወልዶ እዚያው እንደተቀበረ ነገርኳቸው። ጎሳሽን ጅግጅጋ ብለሽ ጨርሺው አሉኝ፣ ስቀው። የእርሳቸው አማርኛ የአዲጋላ ባቡር ጣቢያ አማርኛ ነው፤ በወጣትነታቸው እዚያ ሠርተዋል። ሲናገሩ ሁሉ ነገር እንደ ባቡር ሊነሳ የተዘጋጀ ይመስላል።

ጥር 11፣ ቅዳሜ። ጠዋት 2፡20

ሎሁ የለም።

ከምናድርበት ደምበል ስንደርስ ሳፋው ባዶ። ሥሩ ያለው መሬት እርጥብ ነው። አዴር ፋራህ የሉም፤ ስልካቸው ዝግ። የመጠጥ ውሃቸው ጄሪካን ተከፍቶ ወድቋል። ሂቦ ፍርስራሹን እየዞረች ትጣራለች። ፊቷን ማየት አልቻልኩም። መዝጋቢዋ እኔ ነኝ፤ መዝገቡ ላይ ያለው ፊርማ የኔ።

2፡45። ጅግጅጋ፣ የቅርስ ቢሯችን ደወልኩ። ኃላፊዬ ማን ነበር የሚጠብቀው አለኝ። ስም ጠራሁ። ሙሉ ስም ከነአባት።

ለምን እንዲያ ፈጠንኩ?

እዚያው፣ 5፡40

ተገኘ ተገኘ ተገኘ። እግዚአብሔር ይመስገን።

እየቸኮልኩ ነው፤ ፊደሌን ይቅር በለኝ።

ሆዳን ናት የነገረችን። ጄሪካን ተሸክማ በመንገዱ ስታልፍ፣ ሽማግሌው ቢርካው ዘንድ ተቀምጠዋል አለች። ሮጥን። እውነትም ሮጥን፣ ሂቦ በዚያ ከባድ ጫማዋ። አዴር ፋራህ ጠርዙ ላይ ተቀምጠዋል፣ እግራቸው ውሃ ውስጥ። ሎሁ የትከሻ ፎጣቸው ላይ ተጋድሞ፣ ፎጣውን በሁለት እጅ እንደ ሕፃን ይዘውት፣ አንድ ስንዝር ከውሃው በታች።

ንጋት ላይ ፍየል ሳፋውን ረግጣ ሰነጠቀችው። ያላቸውን የመጠጥ ውሃ አፈሰሱበት፤ ፈሰሰ። ስልካቸው ባትሪ ጨርሷል። እኛ ደምበል፣ እርሳቸው ብቻቸውን፣ ጉድጓዱ የሚወርድ የለ። በእርጥብ ፎጣ ጠቅልለው ይዘውት ሄዱ። ቢርካው ላይ ያሉትን ሴቶች አስፈቀዱ። ከዚያ ቁጭ። ትቼው ብመጣ ማን ይይዘዋል አሉን፣ እንደተቆጡ።

ሌላም አለ ደብተሬ። ቀስ ብለው ገለበጡትና “ኑ እዩ” አሉን። ጀርባው ላይ የነበረው ጭቃ በራሱ ለቋል። ፀሐይ በጎን ስትገባበት መስመር ታየ። በቢላ ጫፍ የተጫረ። ሂቦ አጎንብሳ አየች። ጀልባ ነው። አንድ ምሰሶ፣ የተነፋ ሸራ፣ ከሥሩ ሦስት ሞገድ። ቅዠት አይደለም፤ ሁላችንም አየነው።

ከባሕሩ የስንት ቀን የግመል መንገድ ርቆ የተቀመጠ ተማሪ! ወይ አይቶታል ወይ አባቱ አውርቶለታል። መምህሩ እንዳያይበት ጀርባው ላይ ጭሮታል፤ ይህ የኔ ግምት ነው፣ መዝገብ ላይ አይገባም።

ጥምቀት መሆኑን አሁን ነው ያስታወስኩት። እናቴ ይሄኔ ታቦት እየሸኘች ነው።

12፡00

ደስታዬ ግማሽ ሆነ። ኃላፊዬ ጠዋት የሰጠሁትን ስም ለፖሊስ አሳልፎታል። ተገኝቷል ብዬ ስደውል ዘግይቶ ነበር፤ ሁለት ፖሊሶች አዴር ፋራህ ቤት ሄደው ሚስታቸውን ጠይቀዋል። ጎረቤት ቆሞ እያየ። ይቅርታ ጠይቀው ተመልሰዋል አለኝ። እነሱ ጠየቁ። እኔስ?

ጥር 13፣ ሰኞ

ጉድጓዱ ጸዳ። ሊባን የመጨረሻውን ባልዲ ሲልክ ጭቃ አልነበረበትም። ከድንጋዩ ሥር ውሃው ይፈልቃል፤ መጀመሪያ ደፍርሶ፣ ቀትር ላይ ጠርቶ። ሂቦ በቃሏ ተገኘች። ሆዳን ቀመሰች፣ ተፋች፣ እንደገና ቀመሰች። ከዚያ ጄሪካኗን አስቀመጠችና እልል አለች። ሂቦን ሳመቻት። እኔንም። ከአንገቴ ሸክም የወረደ ያህል ቀለለኝ። ሎሁ አዲስ በርሜል ውስጥ ነው፣ ክዳን ያለው።

አዴር ፋራህ ግን ሁለት ቀን ሙሉ ከሰላምታ ሌላ አላወሩኝም። ነገ እነግራቸዋለሁ። በሰው ፊት።

ጥር 14፣ ማክሰኞ። ጠዋት

ነገርኳቸው። ሊባን፣ ሂቦ፣ ጉድጓዱ ላይ ያሉት ሴቶች ሁሉ እየሰሙ። ስምዎን ለቢሮ የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ አጥፍቻለሁ፣ ቤትዎም መጥቼ ሚስትዎን ይቅርታ እጠይቃለሁ አልኩ።

አዴር ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ። ከዚያ፦

“እኔም ጠርጥሬሽ ነበር፣ ልጄ።”

“እኔን?”

“ሁላችሁንም። ልጅ ሳለሁ እንደ እናንተ ያሉ መጥተው ከዚህ ጽሑፍ ያለበት ድንጋይ ወሰዱ፤ እንመልሳለን አሉ። ይኸው አረጀሁ። ይህንንም አንድ ቀን ትጭኑታላችሁ። ቢርካው ዘንድ ስቀመጥ ልመልሰው ወይስ ልደብቀው እያልኩ አስቤያለሁ። ሳትመጡ ብትቀሩ እንጃ።”

ሂቦ ወደ እኔ አየች። እኔ መሬት መሬት። ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን፤ እርሳቸውም። ሆዳን ምን እንደሚያስቃችሁ ንገሩን ብላ ጮኸች።

ከቤታቸው አሁን ተመለስኩ። ሚስታቸው ወተት ሰጥተውኝ እስክጨርስ ጠበቁ፤ ከዚያ ተቆጡኝ። ልክ ናቸው።

8፡00

ባለሙያው አልመጣም፤ ሎሁን እናንተ አምጡት አለ። መኪናው ነገ ንጋት ይነሳል። የመሸኛ ቅጹ ፊቴ ነው። “አጃቢ” የሚለው ላይ ሁልጊዜ የቢሮ ሰው ስም ይገባል። ሂቦን ጠየቅኋት፤ ደንቡ ይከለክል እንደሆነ እንጃ፣ ማንም ጠይቆ አያውቅም አለች። ጅግጅጋ ደወልኩ። ኃላፊዬ አቅማማ፤ ስለ ቅዳሜው አስታወስኩት። እሺ አለ።

ጻፍኩት። አጃቢ፦ ፋራህ ዓሊ። የመመለሻ ቀን የሚለውን ባዶ መተው የተለመደ ነው፤ አልተውኩትም፣ እርሳቸው ባሉበት ከባለሙያው ጋር ይሞላል ብዬ ጻፍኩ። ለሁለታችንም መፈረሚያ መስመር አሰመርኩ።

አዴር ከውጭ ይጠሩኛል። አዲስ አበባ ይበርዳል ወይ ነው ጥያቄው። ጋቢዬን እሰጣቸዋለሁ፣ እኔ ሹራብ አለኝ።